ለሺሞ የተገባው ምዕራፍ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2006 ዓርብ ጠዋት መምህር ኮው ሺሄንግ ቁጥር 4,317 ብለው በጀመሩት ካርድ ላይ «በ1962 ክረምት ሰባቱ የሺሞ መንደሮች የዘር ድንች የተከፋፈሉት በ» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ብዕሩን ባለቤታቸው ከጠረጴዛው ሥር አገኘችው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ካርድ የምለው ለሁለት የተቆረጠ የፈተና ወረቀት ነው። መምህር ኮው በሺሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አርባ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ ምን እንዲሰጣቸው እንደሚፈልጉ ቢጠየቁ መጋዘን ውስጥ የተከመረውን አሮጌ የፈተና ወረቀት አሉ። በአህያ አራት ጊዜ አመላልሰው ቤታቸው አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የጻፉት ሁሉ በአንዱ ገጽ የልጆች የማባዛት ስህተት፣ በሌላው ገጽ የሺሞ ታሪክ አለው።

እኔ በቺንግያ አውራጃ የታሪክ መጽሐፍ ዝግጅት ቢሮ የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ የቆየ ሕግ አለ፤ በሕይወት ያለ ሰው የሕይወት ታሪኩ በአውራጃ መጽሐፍ አይገባም። ሰው እስኪሞት ድረስ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም የሚል ነው ምክንያቱ። መጽሐፉ በኦገስት 2006 ታተመ፤ መምህር ኮው በሕይወት ስለነበሩ አልገቡም። በኖቬምበር ሞቱ። ቀጣዩ መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ለብቻው ጽፌ ማህደራቸው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ከባለቤታቸው ከእትዬ ሊያንና ከወፍጮ ቤቱ ከሁዎ እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

ቢሮ የተቀጠርኩት በ1999 ነው፤ ላንዡ ላይ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ በመጣሁ በሁለተኛው ወር። መምህር ኮው አንድ ረቡዕ በፕላስቲክ ከረጢት ካርድ ይዘው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የሺሞን ገጽ ቆመው አነበቡት። የወፍጮው ድንጋይ ስንት እንደሆነ ከየት አመጣሽው አሉኝ። ከ1958ቱ ሪፖርት አልኩ። በዚያ ዓመት የተጻፈ ቁጥር ሁሉ ተነፍቶ ነው የተጻፈው፤ የማይፈጭ ድንጋይ እንኳ ፈጭቷል ተብሏል አሉ። ከዚያም ነጠላ ጫማቸውን እያራገፉ፣ አንድ ነገር ለመጻፍ ሁለት አፍና አንድ ወረቀት መስማማት አለባቸው፣ አንዱ ከጎደለ ጠብቂ አሉኝ። ላንዡ ላይ ይህን በሁለት ጥራዝ ነበር ያስተማሩኝ።

የሺሞ ታሪክ ረጅም አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። በወንዙ ዳር የቆመው የድንጋይ ጽሑፍ በንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ ዘመነ መንግሥት በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በ1833፣ የተቀረጸ ነው፤ ሰባቱ መንደሮች የወፍጮውን ውሃ በተራ ለመውሰድ የተማማሉበት ነው። አንድ ያደረጋቸው ያ መሐላ እንጂ የማንም ሹም ትእዛዝ አልነበረም። ከዚያ መንግሥት በመጣ ቁጥር ስም አወጣላቸው። በ1935 አሥር አሥር ቤት አንድ ላይ ታስሮ አንዱ ለሌላው ዋስ ተደረገ። በ1949 አራተኛ ቀጠና ተባሉ። በ1956 ሺሞ ወረዳ ሆኑ። በ1958 በአንድ ትልቅ ኮሙዩን፣ ማለትም የጋራ እርሻ ማኅበር፣ ውስጥ ገብተው የሥራ ብርጌድ ቁጥር ሦስት ተባሉ፤ በ1961 የራሳቸው ኮሙዩን ወጣላቸው። በ1983 እንደገና ወረዳ ሆኑ። የመምህር ኮው ግቢ ካለበት ክንድ ሳይነቃነቅ ስድስት አድራሻ ነበረው። እሳቸው ይህን ለተማሪ ሲነግሩ «አህያዋ ግን ማንም ስም አልነገራትም፤ ገበያ መንገዱን ራሷ ታገኘዋለች» ይሉ ነበር።

ከ1983 ጀምሮ ይህን ሁሉ ሰበሰቡ። ውሃና ቀለም ተሸክመው በየመቃብሩ ባለው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ እርጥብ ወረቀት ለጥፈው በቀለም እየደበደቡ ቅጂውን አነሱ። የወረዳውን ካርታ በእግራቸው ለክተው ሠሩ። ከዚያ የሺሞን ምዕራፍ ጻፉ፤ ስልሳ ሦስት ገጽ፣ ካርታው ሳይቆጠር። በአውራጃው ከነበሩት ሃያ ሦስት ወረዳዎች ሁሉ የተሟላ ምዕራፍ የነበረው ለሺሞ ብቻ ነው። የቀሩትን ሃያ ሁለቱን እኛ ደመወዝተኞቹ አላሟላንም።

በ2004 መጀመሪያ ወረዳዎች እንዲቀነሱ ከክፍለ ሀገሩ ትእዛዝ ወረደ። ሺሞ ፈርሶ ከተራራው ማዶ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በዳፒንግ ከተማ ሥር እንዲገባ ተወሰነ። ክሊኒኩ፣ የእህል መጋዘኑ፣ የትምህርት ቤቱ የላይኛው ክፍል ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል ማለት ነው። ነገር ግን አባወራዎች በጣት አሻራ ተስማምተናል ማለት ነበረባቸው። ከ1,140 አባወራ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቱን ያሳረፈ ስልሳ ሦስት ሰው ብቻ ነው።

የቢሮአችን ኃላፊ ዳንግ ዌንኩዪ የሺሞ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ መምህር ኮው ሦስት ክረምት ቤታቸው አስተኝተው አስተምረውታል። ለመካከለኛ ደረጃ ፈተና አውራጃው ከተማ ድረስ በእግር የወሰዱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት ዳንግ በወረዳ ማፍረሱ ኮሚቴ ውስጥም ተመድቦ ነበር። ኤፕሪል ላይ እኔን አስከትሎ መምህር ኮው ግቢ ሄደ። እትዬ ሊያን በትንሽ ጣሳ ሻይ እሳት ላይ አንተክትካ አቀረበችልን።

«መምህር፣ ወረዳው መፍረሱ አይቀርም» አለ ዳንግ። «እርስዎ ቢያግዙም ባያግዙም ይፈርሳል።»

«እኔን ለምን ፈለግኸኝ ታዲያ? ቡልዶዘር አለቀባችሁ?»

ሰዉ የሚሰማው እሳቸውን መሆኑን፣ ረብሻ ከተነሳ ልጆች እንደሚታሰሩ እያስረዳ ብዙ ተናገረ። መምህር ኮው የድንች ልጣጭ ለዶሮ እየበተኑ አዳመጡት። በመጨረሻ ዳንግ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

በእኛ ሥራ እያንዳንዱ መጽሐፍ የመዝጊያ ዓመት አለው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሆነ ነገር አይጻፍም። ዳንግ የተናገረው ስለዚህ ነበር።

«መጽሐፉ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ቀን 2003 ነው። ሺሞ የሚፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሺሞ አልፈረሰም፤ ሙሉ ወረዳ ነው። እርስዎ የጻፉት ስልሳ ሦስቱም ገጽ ይገባል፤ ካርታውም።»

መምህር ኮው የቀረውን ልጣጭ ለዶሮዎቹ በትነው እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ «ጻፍልኝ» አሉ።

በማግስቱ ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ማኅተሙንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። የወጪ ቁጥር ከመዝገብ ላወጣ ስል ዳንግ «ነገ እንሞላዋለን፤ ዛሬ አድርሺላቸው» አለኝ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አልተጻፈም ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት ነው። ወስጄ ሰጠኋቸው። መምህር ኮው የሰው ወረቀት ሲሰጣቸው ከሁሉ በፊት ወደ ቁጥሩ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን የዳንግን ፊርማ አይተው «ፊርማው ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አልተለወጠም» ብለው ሳቁና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ሰባቱን መንደሮች ዞሩ። እኔም በሦስቱ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። በየአውድማው ሰዉን ሰብስበው የሚሉት አንድ ነበር፤ ወረዳ ይፈርሳል፣ ከአሁን በፊትም ፈርሶ ያውቃል፣ መጽሐፍ ግን አይፈርስም፣ የልጅ ልጆቻችሁ ሺሞ የት ነበር ብለው ሲጠይቁ ስልሳ ሦስት ገጽ መልስ ያገኛሉ። የጠየቃቸውን ሁሉ ደብዳቤውን አሳዩ። በላይኛው መንደር የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁዎ ሱንዡ፣ እድሜ ልኩን የሚያውቃቸው እኩያቸው፣ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ነበር።

«መጽሐፍ ይበላል?» አለ።

«አይበላም።»

«ራስ ሲያም ይዋጣል?»

ሰዉ ሳቀ። መምህር ኮውም አብረው ሳቁና፣ ወፍጮህ ከቆመ አሥር ዓመቱ ነው፣ ግን አያትህ ድንጋዩን ከየት ተራራ እንዳመጣው የሚያውቅ ካንተና ከእኔ በቀር ማን አለ፣ እኛ ስንሞት ማን ሊናገር ነው አሉት። ሁዎ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ መጥቶ አውራ ጣቱን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ለመንግሥት አይደለም የምጭነው» አለ። «ላንተ ነው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተሰበሰበው አሻራ 1,098 ሆነ። በጁላይ የሺሞ ወረዳ አስተዳደር የሚለው ሰሌዳ ከበሩ ወረደ።

ማርች 14 ቀን 2005 ሰኞ ዳንግ ስብሰባ ጠራ። ከበላይ አዲሱ አውራ ጎዳናና «የወረዳዎች መልሶ መደራጀት» በመጽሐፉ እንዲገባ ስለታዘዘ የመዝጊያው ዓመት ወደ 2005 መጨረሻ ተዛወረ አለ። በ2004 የፈረሰ ወረዳ ምዕራፍ አይኖረውም፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ይጠቀሳል። ከዚያ ዳንግ፣ መምህር ኮው የመላውን አውራጃ የአስተዳደር ክፍፍል ካርዶች እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ማምጣት ስላለባቸው እስከዚያ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ አለ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህንንም ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት። ከስብሰባው በኋላ ዳንግ አውጪው አለኝ፤ አወጣሁት።

መምህር ኮው ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ረቡዕ መጡ። ሁለት ረቡዕ ብቻ በስንዴ አጨዳ ምክንያት ቀሩ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣሉ፤ ካርዶቻቸውን ይቆጥሩልኛል፤ እኔም ቁጥር ያለው ደረሰኝ እሰጣቸዋለሁ። ለሌሎቹ ወረዳዎች ያንን ሁሉ የደከሙት ሺሞ በእነርሱ መካከል በቦታው እንዲቆም ብለው ነው። አንድ ረቡዕ እትዬ ሊያን ለኑድል የሚሆን የጎመን ኮምጣጣ ውሃ በገንቦ ልካልኝ ነበር፤ ከተማ የሚሸጠው ውሃ ብቻ ነው ብላ። በላሁት። ሌላ ረቡዕ መምህር ኮው ካርታው በቀለም ነው ወይስ በጥቁር የሚታተመው ብለው ጠየቁኝ። ገና አልተወሰነም አልኳቸው። የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቋሚ ቅጥሬ ጁን ላይ ይታይ ነበር። ታየ፤ ጸደቀ።

ሴፕቴምበር 21 ረቡዕ ገብተው ሲቀመጡ የክፍፍሉ ምዕራፍ የእርማት ቅጂ ከማተሚያ ቤት መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ልሸፍነው እጄን ዘረጋሁ፤ ቀደሙኝ። «ዓይንሽ ደክሟል፤ እኔ ላንብበው» አሉና ቀይ ብዕር ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ቁጭ ብዬ ገጽ ሲገለጥ እቆጥር ነበር። ገጽ 118 ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እዚያ ያለው ይህ ነው፦ «ሺሞ ወረዳ፤ በ1956 ተቋቋመ፤ በ1958 ተጠቃለለ፤ በ1983 እንደገና ተቋቋመ፤ በጁን 2004 ፈርሶ ወደ ዳፒንግ ከተማ ተጠቃለለ።»

ወደ ኋላ ገለጡ፤ ወደ ፊት ገለጡ። ሌላ ቦታ የለም። ተመልሰው መጡና በቀይ 1961ን ጨመሩ። ጁን የሚለውን ሰረዙና ጁላይ ብለው ጻፉ።

«ሰሌዳው የወረደው በጁላይ ነው» አሉ። «እዚያ ቆሜ ነበር።»

ቀዩን ብዕር መለሱልኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ማርች አሥራ አራት።»

«ሰኞ ነበር?»

«ሰኞ ነበር።»

«ቃለ ጉባኤውን ማን ያዘ?»

«እኔ።»

«ሁሉንም ጻፍሽው?»

«አንድ ዐረፍተ ነገር አውጥቻለሁ።»

የቱን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቃል በቃል ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መያዣው ውስጥ ከተቱት። ያመጧቸውን ካርዶች ከከረጢቱ አወጡ፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። አስቀምጠዋቸው ሄዱ። ደረሰኝ አልጠበቁም።

በማግስቱ ዳንግ ዘንድ መጡ። በሩ ክፍት ነበር። ዳንግ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸው፤ ሻይ ቀዳ፤ እኔም ታዝዤ ነው፣ ቢቻለኝ ኖሮ፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ እያለ ብዙ ተናገረ። መምህር ኮው ደብዳቤውን አውጥተው ፊቱ ዘረጉለት። ዳንግ ሳይነካው አየውና «መምህር፣ ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም» አለ።

በኮሪደሩ የቆምን ሰዎች ሁሉ ሰማነው። መምህር ኮው ጎንበስ ብለው የወረቀቱን ራስ ተመለከቱ። ለቁጥር የተተወውን ባዶ የነጠብጣብ መስመር ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት።

«ሦስት ክረምት መደቤ ላይ ስትተኛ እኔም ቁጥር አልሰጠሁህም» አሉ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን። እሳቸው አላሉም። ደብዳቤውን እዚያው ትተውት ወጡ። ዳንግ ምሳ ሰዓት ላይ ቀዶ ጣለው፤ ቁርጥራጩን ከቅርጫት ለቅሜ አስቀምጬዋለሁ፤ በማህደሩ ሁለተኛ ቅጠል ላይ ነው።

መምህር ኮው ወሬው በሌላ አፍ እንዲደርስ አልጠበቁም። ሰባቱን መንደሮች እንደገና ዞሩ፤ በዚህኛው ጊዜ አራት ቀን ብቻ ፈጀባቸው። በዚያው አውድማ ላይ ቆመው፣ የነገርኳችሁ ሐሰት ሆኗል፣ ምዕራፉ የለም፣ ያለው አንድ መስመር ነው እያሉ ተናገሩ። ያዘነላቸው ብዙ ነው። ሽማግሌዎች ውሃ ሰጧቸው፤ ባልቴቶች ዳንግን ረገሙ። ሁዎ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገራቸው።

«አንተን ዳንግ ሸወደህ» አለ። «እኛንስ ማን ሸወደን?»

ከዚያ በኋላ ሁዎ መንገድ ሲሻገሩ ያያቸዋል፤ ሰላም አይላቸውም። ገበያ ቀን ድንች የሚሸጡ ወጣቶች «መምህር፣ ክሊኒክ ሄደን ካርድ ከጠየቁን ገጽ ስንት እንበል?» ይሉባቸው ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመው «118» አሉ ይባላል። ይህን ከአንድ አፍ ብቻ ነው የሰማሁት።

እትዬ ሊያን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ አታውቅ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብላ ብዙ ቀን አለቀሰች። እሳቸው ግን ካርድ መጻፉን አላቆሙም። ከዚያች ረቡዕ በኋላ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ካርድ ጽፈዋል።

«የሊንግ አባት፣ ለማን ነው አሁን የምትጽፈው?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ገና አላለቀም» አሉ።

በማርች 2006 ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ግቢ አስገብተው ሻይ ሰጡኝ። ንግግሬን በመንገድ አዘጋጅቼው ነበር፤ ግማሹን ተናገርኩ። እስኪያበቃ ሰምተው ወደ ቤት ገቡና በክር የታሰሩ ወረቀቶች አመጡ። ሃያ አምስቱ ደረሰኞቼ ነበሩ፣ በቀን ቅደም ተከተል።

«እነዚህን ተቀበይና ካርዶቼን መልሽልኝ» አሉ።

ካርዶቹ በመዝገብ ገብተው የቢሮው ንብረት መሆናቸውን፣ ያለ ኃላፊው ፊርማ እንደማይወጡ ነገርኳቸው። እውነት ነበር።

«እነሱ ቁጥር አላቸው» አሉ። ቀልድ አልነበረም። ደረሰኞቹን ከፊቴ ትተው ዶሮ ቤቱን ሊቆልፉ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ለቀብር ስሄድ እትዬ ሊያን ከሴቶቹ መካከል አይታኝ ተነሣች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ይዛ «ያ ኮምጣጣ ውሃ ተስማማሽ ወይ ልጄ? ገንቦውን አልመለስሽም» አለችኝ። በሰው ፊት የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው። ዳንግ ትልቅ የአበባ አክሊል ልኮ ነበር፤ እንደ ልጅ የራሱ ስም በሪባኑ ላይ ከሁሉ ፊት እንዲሆን አድርጎ። እትዬ ሊያን አክሊሉን አላስጣለችም፤ ግን ከደጅ በስተጀርባ የአህያ መኖ ባለበት አስቆመችው። እዚያው ነፋስ በላው።

ካርዶቹ አሁንም ቢሮአችን ውስጥ ናቸው። ለመጽሐፉ የክፍፍል ምዕራፍ ከክፍለ ሀገሩ የምስጋና ወረቀት መጥቷል፤ ዳንግ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በመጽሐፉ የምስጋና ገጽ ላይ የመምህር ኮው ስም የለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ መረጃ ሰጪዎች በጅምላ ተመስግነዋል አለኝ። ስማቸው እንዲጨመር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ከመዝገብ የወጪ ቁጥር አውጥቼ፤ መልስ አላገኘሁም።

የመጨረሻውን ሳምንት ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። በዚያ ኖቬምበር የቀድሞ ሺሞ ሰዎች የቤተሰብ መዝገብ ደብተራቸውን ዳፒንግ ወስደው እንዲቀይሩ ታዘው ነበር፤ ከሠላሳኛው ቀን በኋላ አሮጌው አይሠራም። ሁዎ በኦክቶበር ጣራ ሲጠግን ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ተኝቷል። ልጆቹ ደቡብ ሄደው ግንባታ ላይ ናቸው። ሚስቱ ማንበብ አትችልም፤ አውቶቡስም ትፈራለች። መምህር ኮው ይህን ከእትዬ ሊያን ሰሙ። ያ ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ኖቬምበር 16 ንጋት ላይ ሁዎ በር ቆሙ።

«ደብተሩን ስጡኝ፤ ዳፒንግ እሄዳለሁ» አሉ።

ሁዎ ከሥሩ በእሳት ከሚሞቀው የመኝታ መደብ ላይ «ለሱ አትስጪው» አለ። ሚስቱ ግን ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርዳ በሻርፕ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ዳፒንግ ያለችው ጸሐፊ ታስታውሳቸዋለች። ወረፋው ከበር ውጭ ድረስ ነበር፤ እስከ ቀትር ቆሙ። አዲሱ ደብተር ሲሰጣቸው እንደሌላው ሰው ኪሳቸው አልከተቱትም። መስኮቱ ፊት ቆመው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከኋላ ያለው ሰው እያጉረመረመ። የሁዎ ሚስት የልደት ዓመት 1940 ተብሏል፤ በአሮጌው 1938 ነው።

ጸሐፊዋ ደክሟት ነበር። «አያቴ፣ ሁለት ዓመት ምን ለውጥ ያመጣል?» አለቻቸው።

«ኖራቸዋለች» አሉ።

ገጹን እንደገና ጻፈችው፤ እንደገና ማኅተም አደረገችበት። እሳቸውም እንደገና አነበቡት። ከዚያ አመስግነው የመመለሻውን አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁዎ ቤት ደረሱ። ሁዎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። «እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። መምህር ኮው አልቀሰቀሱትም። ደብተሩን ለሚስቱ በእጇ ሰጧት። ሻርፑንም አጣጥፈው መለሱ። ገጹን ገልጠው የልደት ዓመቷን በጣታቸው አሳዩዋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።